አንዱ ሴል የት ላይ ያበቃል?

ዲሴምበር 1906፣ ስቶክሆልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂና ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የዓመቱን የሕክምና ኖቤል ለሁለት ሊካፈሉ መጥተዋል። ሁለቱም የተሸለሙት የነርቭ ሥርዓት ምን እንደሚመስል በማሳየታቸው ነው። ጉዱ ግን ባዩት ነገር ላይ አይስማሙም። ጎልጂ በወሩ 11ኛ ቀን የሽልማት ንግግሩን ሊያደርግ ሲወጣ፣ ንግግሩን ካሃል የሚያራምደውን ሐሳብ ለመንቀፍ ተጠቀመበት። በማግስቱ ተራው የካሃል ሆነ።

ጎልጂ የሚለው፣ አንጎል እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ ትልቅ መረብ ነው፤ እዚህ ያበቃል እዚያ ይጀምራል ብላችሁ የምትቆርጡበት ቦታ የለውም። ካሃል ደግሞ፣ የለም፣ እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ራሱን የቻለ ነው፤ ጎረቤቱን ይጠጋዋል እንጂ አይቀላቀለውም ይላል። ጠቡን ብናሳጥረው የሚቀረን አንድ ጥያቄ ነው፦ አንዱ ሴል የት ላይ ያበቃል?

እኔ እዚህ ጥያቄ ላይ የደረስኩት በሌላ በር ነው። ያጠናሁት ምህንድስና ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኮምፒውተር ምስል ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለይቶ እንዲያገኝ በማስተማር ላይ። መኪና፣ ሰው፣ ውሻ ለይ ስንለው ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። የሴል ምስል ስንሰጠው ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ሴሎች ይነካካሉ፣ ይደራረባሉ፣ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ስከተለው የማሽኑ ችግርና የጎልጂና የካሃል ጠብ አንድ ሆኖ አገኘሁት። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ከስቶክሆልሙ ጠብ 33 ዓመት በፊት፣ በ1873፣ ጎልጂ አቢያቴግራሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ነበር። ላቦራቶሪው ድሮ ወጥ ቤት የነበረ ክፍል ነው። ያኔ አንጎልን በማይክሮስኮፕ ማየት ራስ ምታት ነበር። ቀለም ካልነከራችሁት ምንም አይታይም፤ ከነከራችሁት ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ይቀላና የማይፈታ ውል ይሆናል። ጎልጂ የአንጎል ቁራጭ መጀመሪያ ፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ ቀጥሎ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ሲዘፈዝፍ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቢጫ መደብ ላይ ጥቂት ሴሎች ብቻ ጥቁር ሆነው ወጡ፤ ግንዳቸው፣ ቅርንጫፋቸው፣ እስከ ቀጫጭን ጫፋቸው። ሌሎቹ በዙሪያቸው ያሉት ሴሎች እንዳሉ ቀሩ። ኬሚካሉ ለምን እነዚያን ብቻ እንደሚመርጥ ዛሬም በደንብ አልተብራራም።

ጥቅጥቅ ያለ ጫካ መካከል ቆማችሁ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ለመለየት ስትሞክሩ አስቡት። አይቻልም። ከመቶው ዛፍ አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቢቀባስ? እሱን ብቻ ተከትላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ዛሬ እኛ ሴግመንቴሽን የምንለው፣ ማለትም ምስል ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ከነድንበሩ መለየት፣ ጎልጂ በኬሚካል ሠርቶታል።

ካሃል ይህን ዘዴ ያየው በ1887 ማድሪድ ውስጥ ነው። ወዲያው ያዘው፣ አሻሻለውም። ቁራጩን ደጋግሞ ነከረው። ጎልማሳ እንስሳትን ትቶ ወደ ጫጩትና ወደ ፅንስ ዞረ፤ ምክንያቱም በእነሱ ላይ የነርቭ ክሮች ገና የስብ ሽፋናቸውን አልለበሱም፣ ቀለሙም በደንብ ይይዛቸዋል። በ1888 ባርሴሎና ሆኖ የወፍ አንጎል ሥዕሎቹን ማሳተም ጀመረ። ክሮቹ ሄደው ሄደው ሌላ ሴል አጠገብ ሲደርሱ ያልቃሉ። አይቀላቀሉም።

እንግዲህ ዘዴው አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ መደምደሚያው ግን ሁለት። እንዴት ሆነ? ፊዚክሱ ነው። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች ተቀራርበው ያሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። በሁለት ነርቭ ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ወደ 20 ናኖሜትር ነው፤ ከዚያ ገደብ አሥር እጥፍ ይጠብባል። ስለዚህ ካሃል ክፍተቱን ራሱን አይቶት አያውቅም። ያየው የክሩን ጫፍ ነው፣ የቀረውን በአስተሳሰብ ሞላው። ጎልጂም በበኩሉ ያላየውን በመረብ ሞላው። ክፍተቱ በዓይን የታየው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው። ያኔ ሁለቱም ሰዎች በሕይወት አልነበሩም። ካሃል ትክክል ነበር። በነገራችን ላይ ጎልጂን ሙሉ በሙሉ ተሸናፊ ማድረግም ተገቢ አይደለም፤ አንዳንድ ነርቭ ሴሎች ሽፋናቸው በጣም ተጠግቶ በመካከላቸው ጥቃቅን የፕሮቲን ቱቦዎች አሏቸው፣ የኤሌክትሪክ ምልክትም በዚያ በኩል በቀጥታ ያልፋል። ተፈጥሮ የኛን ክርክር ሰምታ አልተሠራችም።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግን አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላ አመጣ። የጎልጂ ቀለም ጥቂት ሴል ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ ይሄኛው ሁሉንም ያሳያል። ጫካው በሙሉ ተመልሶ መጣ። አንድን ሴል ለመከተል የአንጎሉን ቁራጭ እንደ ወረቀት፣ ከወረቀትም እጅግ ሳስቶ መቁረጥ፣ እያንዳንዱን ስስ ቁራጭ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ይህቺ ክብ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ የትኛዋ ክብ ናት እያሉ መሄድ ያስፈልጋል። ካምብሪጅ ውስጥ የሲድኒ ብሬነር ቡድን ይህን በአንዲት አንድ ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ላይ ሠራ። ትሏ ያላት የነርቭ ሴል 302 ብቻ ነው። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ1986 ሲታተም ጽሑፉ 340 ገጽ ሆነ። ፎቶዎቹ ላይ ሴሎቹን እየተከተሉ በእጅ ነበር ምልክት የሚያደርጉት። የሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭ ሴል አለ። ሒሳቡን ለናንተ ልተወው።

ስለዚህ ማሽን ይግባበት ማለት የግድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች ለምስሉ ትርጉም የሚሰጡ አልነበሩም፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚያዩት። በ1979 ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ፣ ከዚህ በላይ የደመቀ ፒክስል ዕቃ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው መደብ ነው የሚያሰኘውን መቁረጫ ነጥብ ኮምፒውተር ራሱ የሚያሰላበትን መንገድ አሳተመ። ተራርቀው ለተቀመጡ ሴሎች ጥሩ ነው። ሁለት ሴል ሲነካኩ ግን አንድ ትልቅ ሴል ይሆኑበታል፤ የጎልጂ ስህተት መሆኑ ነው።

እዚያው 1979 ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ሰርዥ ቦሼና ክርስቲያን ላንቱዌዡል አንድ ደስ የሚል ሐሳብ አመጡ። ምስሉን እንደ ተራራና ሸለቆ እዩት አሉ፤ የፒክስሉ ብሩህነት ከፍታ ነው። ከየሸለቆው ሥር ውሃ ይሙላ። ከሁለት ሸለቆ የተነሳ ውሃ ሊገናኝ ሲል እዚያ ላይ ግድብ ሥሩ። ግድቡ የሴሎቹ ድንበር ነው። እንጦጦ ላይ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአንዱ ጎን የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሌላው ጎን የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ያለው መስመር ነው ሁለቱን የሚለያቸው። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። ድክመቱ ደግሞ ከኦትሱ ተቃራኒ ነው። ምስሉ ላይ ያለች እያንዳንዷ ትንሽ ጉድጓድ የራሷን ኩሬ ትሠራለች፣ አንዱ ሴል አሥር ቦታ ይቆራረጣል።

አሁን ወደ አንዲት ድመት እንሂድ፤ ከርዕሳችን አልወጣሁም። በ1958 አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል፣ ማደንዘዣ የተሰጣት ድመት አንጎል ውስጥ፣ ዕይታን በሚያስተናግደው ክፍል ካለ አንድ ነርቭ ሴል አጠገብ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገቡ። ነጥብ ያለበት የመስታወት ስላይድ በፕሮጀክተር እያሳዩ ሴሉ ምን እንደሚል ያዳምጣሉ። ሴሉ ዝም። ነጥቡን ወዲህ ቢሉት፣ ወዲያ ቢሉት ዝም። ድንገት ስላይዱን ሲያስገቡ ሴሉ ተንጫጫ። ነጥቡን አይቶ አይደለም። የመስታወቱ ጠርዝ ሲያልፍ የጣለውን ስስ ጥላ፣ አንድ የተወሰነ አቅጣጫ የያዘች መስመር አይቶ ነው። ግኝቱ በ1959 ታተመ፣ በ1981 ኖቤል አመጣላቸው። የዕይታ ሴል መጀመሪያ የሚፈልገው ጠርዝ ነው፣ ድንበር ነው።

ከዚህ በመነሳት ኩኒሂኮ ፉኩሺማ በ1980 ጃፓን ውስጥ ከቀላል ወደ ውስብስብ በደረጃ የሚሄድ ሰው ሠራሽ ኔትወርክ ሠራ፤ ታችኛው ንብርብር መስመር ይፈልጋል፣ ላይኛው የመስመሮችን ቅንጅት። በ1989 ያን ለኩንና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ ኔትወርክ በእጅ የተጻፉ የፖስታ ቁጥሮችን እንዲያነብ ከምሳሌ አስተማሩት። በ2012 ኔትወርኮቹ በትልልቅ የምስል ውድድሮች ላይ ሌሎቹን ዘዴዎች ጥለው አለፉ። ይህን ክፍል በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ስላነበባችሁት አላስረዝመውም። እኔን የሚገርመኝ መዞሩ ነው። ሰዎች ነርቭ ሴልን ለማየት ደከሙ፤ ያዩት ሴል እንዴት ማየት እንደሚቻል አስተማራቸው፤ ያንን ትምህርት ማሽን ውስጥ ጨመሩትና ማሽኑን መልሰው ነርቭ ሴል እንዲያይ አዘዙት።

ምክንያቱም እዚያው 2012 ላይ አንድ ውድድር ተከፍቶ ነበር። የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ነርቭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳ ምስል፤ 30 ስስ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 512 በ512 ፒክስል። ከእያንዳንዱ ጋር ሰው በእጁ የሠራው መልስ አለ። ጥያቄው፦ የትኛው ፒክስል የሴል ሽፋን ነው? የመጀመሪያው አሸናፊ የስዊዘርላንድ ቡድን ነበር፤ የነሱ ኔትወርክ በእያንዳንዱ ፒክስል ዙሪያ ትንሽ መስኮት እየከፈተ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ይሠራል፤ ግን በጣም ዝግተኛ ነው።

በ2015 ጀርመን ፍራይቡርግ ያሉት ኦላፍ ሮንበርገር፣ ፊሊፕ ፊሸርና ቶማስ ብሮክስ ዩ-ኔትን ይዘው መጡ። ስሙ የመጣው ከቅርጹ ነው። ምስሉ በአንዱ ጎን እየተጨመቀ ይወርዳል፤ ሲጨመቅ ኔትወርኩ ይህ ምንድን ነው የሚለውን ይረዳል፣ የት ነው የሚለውን ግን ያጣል። በሌላው ጎን እየተዘረጋ ይወጣል፤ ሲወጣም ከወረደበት ጎን የተቀመጠለትን ዝርዝር በየደረጃው እየተቀበለ የት የሚለውን መልሶ ያገኛል። ሙሉውን ምስል በአንድ ጂፒዩ ላይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ደግሞ 30 ምስል ለኔትወርክ በጣም ጥቂት ነው። እነሱ ምስሎቹን እንደ ላስቲክ እየለጠጡና እያጣመሙ አበዟቸው፤ ሕያው ሥጋም ስለሚለጠጥና ስለሚጣመም የተጣመመው ምስል ውሸት አይሆንም።

ለኔ ግን የጽሑፋቸው ልብ ሌላ ቦታ ነው። ኔትወርክ ሲማር በየስህተቱ ይቀጣል። ከሁለት ተነካኪ ሴሎች መካከል ያለችው መስመር ጥቂት ፒክስል ብቻ ናት፤ ማሽኑ ቢዘላት ከጠቅላላው ነጥቡ የሚቀነስበት እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስለዚህ ቸል ይላታል። የፍራይቡርጎቹ ያደረጉት፣ በሁለት ሴል መካከል የተጣበቀች መደብ ላይ ለሚሠራ ስህተት ቅጣቱን ማክበድ ነው። ካሃልና ጎልጂ የተጣሉባትን ያቺን ጠባብ ቦታ ለይተው፣ ሌላ ቦታ ብትሳሳት ግድ የለም፣ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ አሉት ማለት ይቻላል።

ዩ-ኔት ሌላ ፈተናም ነበረው፦ መስታወት ላይ ተጠጋግተው የሚያድጉ የሄላ ሴሎች። በከፊል ብቻ ሌብል በተደረጉ 20 ምስሎች ተምሮ፣ እሱ የሳለው ቅርጽና ሰው የሳለው ቅርጽ የሚደራረቡበት መጠን 77.5 በመቶ ደረሰ። ሁለተኛው የወጣው 46 በመቶ ነበር። እነዚህ ሴሎች ስማቸውን ያገኙት ከሄንሪየታ ላክስ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበረች፤ በ1951 በካንሰር ስትታከም ከዕጢዋ ላይ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ተወሰዱ፣ እሷ በዚያው ዓመት ሞተች፣ ሴሎቿ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይራባሉ። አንድ ሴል የት ያበቃል የሚለው ጥያቄ እሷ ጋ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በእጁ የሠራው መልስ እያልኩ ቀለል አድርጌ አለፍኩት እንጂ እሱም ቀላል አይደለም። አንድ ሰሞን እኔና አብራኝ የምትሠራ ልጅ ያው አንድ ምስል ላይ ለየብቻ ሴሎችን ሌብል አደረግን። ስናስተያየው ቁጥራችን አልገጠመም። እሷ ሁለት ያለችውን እኔ አንድ ብዬዋለሁ፤ እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ የተውኩትን እሷ ሴል ብላዋለች። ተቀምጠን ስንከራከር ሁለታችንም የምንለው "አየሽው?" "አየኸው?" ነው። ማሽኑ የሚማረው እንግዲህ ከዚህ ክርክር ነው።

ከዩ-ኔት ጋር ጎን ለጎን ሌላ መንገድም እየሄደ ነበር፤ ኦብጀክት ዲቴክሽን ይሉታል። እዚህ ድንበር አይሳልም፤ ዕቃው ያለበት ቦታ ላይ ሳጥን ይደረጋል። በ2014 የሮስ ጊርሺክ ቡድን ሥራ፣ በ2015 የጆሴፍ ሬድመን ዮሎ መጡ። ዮሎ ምስሉን አንዴ ብቻ አይቶ ሳጥኖቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ፈጣን ነው። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ላንድ ዕቃ ብዙ ሳጥን የማውጣት አመል አለው። መፍትሔው፣ ሁለት ሳጥኖች በጣም ከተደራረቡ አንደኛውን መሰረዝ ነው። ለመኪና ጥሩ ነው። ተጣብቀው በሰያፍ የተኙ ሁለት ረዣዥም ሴሎችስ? ሳጥኖቻቸው ይደራረባሉ፤ ማሽኑ አንዱን ዕቃ ሁለቴ ቆጠርኩ ብሎ አንደኛውን ያጠፋዋል። ድሬዝደን ያሉት ኡቬ ሽሚት፣ ማርቲን ቫይገርትና ባልደረቦቻቸው በ2018 ይህን ችግር አንስተው ሳጥኑን በኮከብ ተኩት፤ ከሴሉ መሐል ጨረሮች ይወጣሉ፣ ማሽኑ እያንዳንዱ ጨረር ስንት ርቀት ሄዶ ድንበር እንደሚመታ ይገምታል። በ2020 መጨረሻ ካርሰን ስትሪንገርና ማሪየስ ፓቺታሪው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሴልፖዝ ደግሞ ከ70 ሺህ በላይ በእጅ ከተለዩ ነገሮች ተማረ። እሱ ለእያንዳንዱ ፒክስል ወዴት እንደሚፈስ ይነግረዋል፤ ወደ አንድ መሐል የፈሰሱት ፒክስሎች አንድ ሴል ናቸው። የ1979ኙ ውሃ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ቁልቁለቱን የሚሠራው የተማረ ኔትወርክ ነው።

ሳጥኑ ሁሌም አይበቃም ማለቴ አይደለም። የወባ ምርመራን ውሰዱ። እኛ አገር በየጤና ጣቢያው የላብ ባለሙያ ወፍራም የደም ቅብ በጊምዛ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያያል። ወፍራሙ ቅብ ላይ ቀይ የደም ሴሎቹ ስለሚፈነዱ የሚቀሩት ነጭ የደም ሴሎችና የወባው ተውሳኮች ናቸው። ባለሙያው 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ ስንት ተውሳክ እንዳየ ይቆጥራል፤ ተውሳኩ ጥቂት ከሆነ እስከ 500 ይቀጥላል። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ ሴል አለ ተብሎ ስለሚታሰብ 200 ላይ የቆመ ቆጠራ ውጤቱ በ40 ይባዛል። ዐሥር ተውሳክ ከተቆጠረ 400 ይጻፋል። እዚህ ላይ የተውሳኩን ድንበር በፒክስል ማወቅ አያስፈልግም፤ መኖሩንና ቁጥሩን ነው የምንፈልገው። ሆኖም ተጠጋግተው ያሉ ሁለቱን አንድ ያለ ማሽን ወረቀቱ ላይ 40 ቀነሰ ማለት ነው።

በ2021 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ በዚህ ላይ ነበር። ዮሎን ወስደው ለወፍራም የደም ቅብ አስተካከሉት። ችግራቸው ተውሳኩ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ምስሉ ኔትወርኩ ውስጥ እየተጨመቀ ሲሄድ ጥቂት ፒክስል የሆነ ነገር ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ምስሉ ብዙም ሳይጨመቅ የሚያይ ተጨማሪ ንብርብር ቀጠሉበት፣ የሳጥኖቹንም መነሻ መጠን ለተውሳኩ እንዲመጥን አድርገው መረጡ። ዮሎ ሲሠራ የታሰበው ለውሻና ለብስክሌት ነበር፤ የላብ ባለሙያ ዓይን የሚለምደውን ለመልመድ መስተካከል ነበረበት።

ወደ ነርቭ ሴሎቹ ልመለስና ላብቃ። በኦክቶበር 2024 የአንዲት ጎልማሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ ታተመ፤ 139,255 ነርቭ ሴል፣ በመካከላቸው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መገናኛዎች። ድንበሮቹን መጀመሪያ ያወጣው ማሽን ነው። ማሽኑ ግን ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፦ አንዱን ሴል ሁለት ያደርገዋል፣ ወይም ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ለማረም ከየአገሩ ብዙ ሳይንቲስቶችና ፈቃደኞች ተሰለፉ፤ የእርማቱ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ከ30 ዓመት በላይ ይወስድ ነበር ተብሎ ተገምቷል። ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ማሽኑ በአንድ ቀለም የቀባው ረጅም ቅርንጫፍ አለ። አራሚው አሽከርክሮ ያየዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ቅርንጫፉ ያላግባብ ወደ ጎን ይታጠፋል። እዚያ ያለውን ግራጫ ምስል ይከፍታል። ሁለት ክሮች ተጠጋግተው ያልፋሉ፣ በመካከላቸው ያለው ሽፋን ደብዝዟል። ያጎላዋል። ወደ ቀደመው ቁራጭ ይሄዳል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ አንዱን ነጥብ በዚህ ጎን፣ ሌላውን በዚያ ጎን ያስቀምጥና ይቆርጠዋል።